የቀኝ ዓይኔ እንባ

ለሳምንታት በሆዴ ይዤው የኖርሁት ጥፋት አለ... ባላለቀስሁት ልቅሶ ይቅርታ ተቀብያለሁ።

ባለቤቴ ስትቀበር እንባ እምቢ አለኝ። ታናሽ እኅቷ ዘውዲቱ በለቀስተኛው ፊት «ይኼ ሰው ድንጋይ ነው!» ብላኝ ወደ አገሯ ወደ ጠዳ ተመለሰች። ከባለቤቴ ወገን የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች፤ ቤቴን ሳትረግጥ ዓመት ሞላ።

በባለቤቴ ሙት ዓመት ጧት ከጆሮየ ኋላ እያመመኝ ተነሣሁ። ስጉመጠመጥ ውሃው በቀኝ ከንፈሬ ሾልኮ ደረቴን አራሰው። ፊቴን ብዳብሰው ቀኙ የኔ አልመስል አለኝ... በጋቢየ ሸፍኜ እንግዳ ልቀበል ወጣሁ።

ዘውዲቱም መጥታለች። ጋቢው ሸርተት ሲል ቀኝ ዓይኔ እንባውን ያወርደዋል።

«አያ ደርሶ! አለቀስህላት!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እንባው ለምን እንደሚፈስ አላውቅም፤ የኀዘን እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ዝም አልሁ።

በማግሥቱ አፌ ጭራሽ ተጣመመ። ጎረቤቴ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቀህ ተቀባ» አለኝ። እኔ ግን የዝምታየ ቅጣት መሰለኝ። ቀጥሎ እጄና እግሬ ሊከተሉ ነው ብየ ሆስፒታል ሄድሁ።

«ግንባርህን ቋጥር» አለኝ የመረመረኝ ድሬሰር። ግራው ተጨማደደ፤ ቀኙ እንደ ብራና ተወጥሮ ቀረ። እጁን አስጨበጠኝ፣ ወዲያ ወዲህ አስኬደኝ።

«አይዞህ፣ የፊትህ ነርቭ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል። ዓይንህን ግን ጠብቀው፤ ካልተከደነ ይደርቅና ይቆስላል። ቅባቱን አድርግ፣ ስትተኛ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው።»

«እንባውስ?»

«ክዳኑ ላልቶ ነው። ልቅሶ መስሎህ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም... ብስቅም በግማሽ ነው።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጧት ከጸሎት በኋላ ጧፌን እፍ ብየ አጠፋሁ። ተመስገን! ዓይኔም ይከደናል፣ ከንፈሬም ይገጥማል። ዘውዲቱ ዳግመኛ ብትቀየመኝስ እያልሁ፣ በዚያው ዕለት በማኪና ወደ ጠዳ ወረድሁ።

«ዘውዲቱ፣ ያን ዕለት አላለቀስሁም። በሽታ ነበር» አልኋት።

ትክ ብላ አየችኝ። «የታመመው የትኛው ዓይንህ ነበር?»

«ቀኙ።»

«ታዲያ አሁን ግራው ምነው?»

ጉንጬን ብነካው ርሷል...

ባለቤቴን ያን ዕለት፣ ጠዳ ላይ፣ በሁለቱም ዓይኔ አለቀስኋት።