ሽማግሌ ያልላኩት መሪጌታ

መሪጌታ ንብረት በዕድሜያቸው ቀጥ አድርገው የጠየቁት ነገር የለም። ውሃ ቢጠማቸው እንኳ «በዚህ ቤት ውሃ ይኖር ይሆን ብዬ ነው» ይላሉ እንጂ «ውሃ ስጡኝ» አይወጣቸውም። «ቅኔ ቤት ያረጀ ሰው ነገር ካልጠቀለለ እንጀራ አይወርድለትም» እያሉ በራሳቸው ያሾፋሉ።

በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወረታ ሲደርስ አስተማሪ ታጣና ቀበሌው እሳቸውን ጠራ። ፊት ወንበር ላይ ገላነሽ ትቀመጥ ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ የፎገራ ላሞቿን በወጉ የያዘች፣ ፊደል እንደ ጥሬ የምትቆረጥም ሴት። መሪጌታ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ልባቸው ሸፈተ። ወጉ ሦስት ሽማግሌ መላክ ነው፤ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። እሳቸው ግን «እምቢ ብትል አገር ይስቅብኛል፤ እሺ ትል እንደሆነ አስቀድሜ ልወቅ» አሉ።

እንዴት? አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሰውየው ሽማግሌ ቢልክ ሴትዮዋ እሺ ትል እንደሆነ ማን ያውቃል?» ከዚያ «ገላነሽ፣ አንብቢ» አሉ። ገላነሽ አንድ ፊደል ሳትስት አነበበች፤ ጠመኔውን ተቀብላም ከሥሩ «ካልላከ በምን ያውቃል» ብላ ጻፈች።

ሰው የሆነ ሰው ያን ዕለት ሽማግሌ ፍለጋ ይሮጣል። የእኛ መሪጌታ ግን የጎደለውን የጥያቄ ምልክት ጨመሩና «ጎበዝ፣ ተቀመጪ» አሉ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲላቸው ያንን እጃቸውን ያዩታል፤ ቢቆረጥ ምን ነበረበት ይላሉ።

የክፍሉ ሰነፍ አንለይ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለውን የተረዳው በሦስተኛው ቀን፣ ያውም በሰው ርዳታ ነው። ሲረዳ ግን በዚያው እሑድ ወደ ገላነሽ ሽማግሌ ላከ። መሪጌታ ክረምቱን ሙሉ፣ ሜዳው ጎርፍ ተኝቶበት ትምህርቱ ሲቋረጥ፣ «ካልላከ ስትል ላክ ማለቷ ይሆን፣ ወይስ ተግሣጽ?» እያሉ ሲያመነዥኩ ከረሙ።

ጥር ላይ ገላነሽ መጣች።

«መሪጌታ፣ ቅዳሜ ከአንለይ ጋር ድግሳችን ነው። ይመጣሉ?»

«ርብ ወንዝ ካልሞላ» አሉ መሪጌታ።

በጥር! ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው አፈሩ። ገላነሽ ግን አልሳቀችም።

«የአንለይን ሽማግሌዎች መኸሩ ይግባ እያልኩ ያመላለስኳቸው ለምን ይመስልዎታል?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ቅዳሜ መሪጌታ ድግሱ ሄዱ። ወንዙን ሲሻገሩ ጫማቸው እንኳ አልራሰም።