በባሌ ስም ያለቀስኩለት ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ መቐለ ላይ፣ በኅዳር ጽዮን ሰሞን ነው። ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼ አግብተዋል። መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን ሁሉ የማምስ ሴት ነኝና ብዙ ነገር እረሳለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብልም አልችልም። ባሌ ሳይሞት አልቅሼለታለሁ፤ እንባውን ደግሞ ሌላ ሰው ወስዶታል።

ባሌ ሰይድ ፖሊስ ነበር። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን። እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ፈትሌን ሰኞ ሰኞ ገበያ አወጣለሁ። የምንኖረው አደይ ለተብርሃን ከሚባሉ አሮጊት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው። ልጅ አልነበራቸውምና እኔን “ጓለይ” ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሲቆጡኝም እንደ ልጃቸው ነበር።

ሰይድ ተክሌ የሚባል የሸዋ ልጅ ጓደኛ ነበረው። እሱም ፖሊስ ነው። ወላጆቹን በጣሊያን ጊዜ አጥቶ ብቻውን የቀረ ሰው ነበር። ካምፕ ስለሚያድር የልብስ ሳጥኑን እኛ አልጋ ሥር አኑሯል። “የፖሊስ ካምፕ እያለህ ምን አመጣህ?” ስለው “ሌባ የሚበዛው እዚያ አይደል?” ይለኛል። የሳጥኑን ቁልፍ በማተቡ ላይ አስሮ አንገቱ ላይ ይይዘዋል። ሁለት ጊዜ ስለጣለው ዳግመኛ ቢወድቅ እንዲታየው ብዬ ቀይ ጨርቅ ያሰርኩበት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸሚዝ ሊቀይር ሲመጣ “ይህን ሳጥን አግባውና ተገላገል” እያልኩ አሾፍበታለሁ።

ፖሊሶቹ በመካከላቸው አንድ ደንብ ነበራቸው። የክርስቲያን በዓል ሲደርስ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ተራ ይይዛል፤ የሙስሊም በዓል ሲሆን ደግሞ ክርስቲያኑ ይተካል። አለቃ አይጠየቅም። ቢጠየቅ እንቢ እንደሚል ያውቃሉና።

በዚያ ሰሞን ሰይድ ወደ አዲግራት የሚሄድ የጭነት መኪና እንዲያጅብ ታዘዘ። በጠዋት ጠመንጃውን ይዞ፣ “ስመለስ የአዲግራት ማር አመጣልሻለሁ” ብሎኝ ወጣ። ተክሌም በዚያው ቀን ጨው ነጋዴዎች በሚያልፉበት በቆላው ኬላ ተረኛ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ሰኞ ሲደርስ ገና ሳይነጋ ፈትሌን ተሸክሜ ገበያ ወጣሁ። ቦታ ለመያዝ ነው፤ የዘገየች ሴት ከአህዮቹ ጎን ነው የምትቀመጠው።

ገበያው ሲሞላ እንደተለመደው ጥሩምባ ተነፋ። ሰኞ ሰኞ የፖሊሶቹ ሃምሳ አለቃ ገበያው ዳር ባለው የፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ወጥቶ የሳምንቱን ወሬ ያሰማል። እሱ በአማርኛ ይናገራል፤ አንድ የአገሩ ልጅ ፖሊስ በትግርኛ ይደግመዋል። አንዲት ነጭ አህያ ተገኝታለች፣ ባለቤቷ ምልክቷን ተናግሮ ይውሰድ። በላይኛው ሰፈር ያበደ ውሻ ስለታየ ልጆቻችሁን ሰብስቡ። በሥራ ላይ የሞተ ፖሊስ ካለ ስሙ በመጨረሻ ይነገራል፤ ሕዝቡም ቆሞ “ነፍስ ይማር” ይላል።

የዚያን ቀንም ከአህያዋና ከውሻው በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የጭነት መኪና አጅቦ ሲሄድ የነበረው ፖሊስ ሰይድ ይመር፣ በሽፍታ ጥይት በሥራው ላይ ወድቋል” አለ። ያኛው ደግሞ ተቀብሎ በትግርኛ ደገመው። አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በትግርኛ ገደሉብኝ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ፈትሌ ላይ መውደቄን ብቻ ነው።

ሃምሳ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። መርዶ በገበያ መሃል እንደማይነገር እሱም ያውቃል። ሌሊቱን ስልክ ተደውሎለት “አጃቢው ሞተ” ሲባል፣ አጃቢው በትዕዛዙ መሠረት ሰይድ ነው ብሎ ገና ሳይነጋ ሁለት ሰዎች ሊያረዱኝ ልኮ ነበር። እነሱ ሲደርሱ እኔ ወጥቻለሁ። “ሄዳችሁ?” ሲላቸው “ሄደናል” አሉት። አገኛችኋት ወይ ብሎ አልጠየቀም።

ሰዎች ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ። አደይ ለተብርሃን የራሳቸውን ቤት ጠርገው ለልቅሶው ለቀቁልኝ። የወሎ ነጋዴዎች ሽማግሌ የነበሩት ሸህ እንድሪስ ሰዎቻቸውን ይዘው መጡ። ሸሁ “ጩኸት ነውር ነው፣ ቀንሱ” ይላሉ፤ የሰፈሩ ሴቶች ማን ሰምቷቸው! ክርስቲያኖቹ ጾም ላይ ስለነበሩ ሁሉም ሽሮውን ከአንድ ድስት በላ። እኔ አልበላሁም። ፊቴን ነጭቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ “ሰይዴ፣ የማሩ ነገር እንዴት ሆነ?” እያልኩ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሌላ ወሬ መጣ። ሟቹን ያገኙት ገበሬዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቀብረውታል ተባለ።

ሸህ እንድሪስ ከተቀመጡበት ተነሡ። “ሳይታጠብ፣ ሳይሰገድበት፣ ቤተ ክርስቲያን?” አሉ። ወጣቶቹ መኪና ተከራይተው ሄደው ሊያወጡት ተማከሩ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ “መቃብር አይቆፈርም፤ ያገሬው ሰው ዝም ብሎ አያይም” አሉ። ትናንት አብሮ ያለቀሰ ሰው ዛሬ ለየብቻው ቆሞ ማንሾካሾክ ጀመረ። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ይህ ነበር። ባሌ ሞቶ ሳያንስ በእሱ ሰበብ ሌላ ደም ሊፈስ ነው ብዬ ፈራሁ።

ወጣቶቹ ሊነሱ ሲሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። አቦይ ካሕሳይ ይባላሉ። ሟቹን የቀበሩት እሳቸው ነበሩ፤ የሟችን ቤት ጠይቀው ነው የመጡት። ቁጣውን ሲያዩ ግራ ተጋቡ።

“እንታይ ገበርና? ምን አጠፋን?” አሉ። “እኛ ሰውዬውን አናውቀውም። ግን አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ማተብ ያለው ሰው የት ይቀበራል?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“የኔ ባል ማተብ አስሮ አያውቅም” አልኩ።

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ነገር ፈቱ። “ማተቡን አብረን ቀበርነው። ይህን ግን ወሰድኩት። ቁልፍ ያለው ሰው ሳጥን አለው፤ ሳጥን ያለው ሰው ቤት አለው፣ ለቤቱ ላድርስ ብዬ” አሉ። ቁልፍ ነው። ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል።

ክፍሌ ሮጬ ከአልጋው ሥር ሳጥኑን ጎተትኩት። ቁልፉ ገባ፤ ተከፈተ። ሸሚዞቹ አጣጥፎ እንዳስቀመጣቸው ነበሩ።

“ተክሌ ነው!” ብዬ ጮህኩ። “ሰይድ አይደለም፣ ተክሌ ነው! ተቀያይረዋል!”

አንዷ ሴት እልል አለች። ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። “በሕይወት ላለ ሰው ልቅሶ መቀመጥ ሟርት ነው፣ ቶሎ ይበተን” እያሉ ምንጣፉን መጠቅለል ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ደስ ብሎኝ የማደርገውን አጥቼ ነበር። ያ ደግ ልጅ መሞቱን እያወቅሁ ጥርሴ አልከደን አለኝ።

አደይ ለተብርሃን ከበሩ ላይ ቆሙ።

“ኮፍ በሉ!” አሉ። “ቁጭ በሉ! ሰይድ ካልሞተ እሰየው። ግን ሰው ሞቷል። ይህ ልቅሶ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱን ጥላችሁ ወዴት ነው?” ከዚያ እጄን ያዙኝ። “ጓለይ፣ ደስ ይበልሽ። ግን ቁጭ ብለሽ ደስ ይበልሽ።”

መጀመሪያ የተቀመጡት ሸህ እንድሪስ ናቸው። “ለኛ ሰው መስሎን ስንቆጣ ነበር” አሉ። “ለዚህ ልጅ የሚቆጣለት እንኳ የለም። እንቀመጥለት።” ምንጣፉ ተመልሶ ተዘረጋ። አቦይ ካሕሳይን ከአጠገባቸው አስቀመጧቸው። ፍትሐቱ በክርስቲያኖቹ በኩል ተደረገ፤ ልቅሶው ግን እኛው ቤት ሆነ።

እኔም ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ለወጉ ያህል ነበር ያለቀስኩት። ቆይቶ ግን ቅዳሜ ሲመጣ ያ ልጅ ሸሚዝ ሊቀይር እንደማይመጣ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት ለራሱ ለተክሌ ነው።

ሰይድ የመጣው ልቅሶው ሳይነሣ፣ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ነው። ግቢው በነጠላ ዘቅዛቂ ተሞልቶ ሲያይ የሞትኩት እኔ መሰልኩት። “ዘሃራ!” ብሎ ጠመንጃውን ጣለው። አንዷ ሴት “ጅኒ!” ብላ አጥር ዘልላ ሄደች። እኔ ሮጬ ሄጄ ደረቱን በቡጢ ደበደብኩት። ለምን እንደደበደብኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነገሩን ስንነግረው መሬት ላይ ተቀመጠ። “የጽዮን ስለት አለብኝ፣ መኪናው አዲግራት ካደረሰኝ ወደ አክሱም እሻገራለሁ ብሎ ለመነኝ” አለ። “መንገድ ላይ አገኘሁትና ተቀያየርን። በኔ ተራ ሄዶ የኔን ሞት ሞተ።” ብዙ ጊዜ ይህንኑ ይደጋግም ነበር። አደይ ለተብርሃን “ሞት ተራ የለውም” ቢሉትም አልተጽናናም። ለአለቃው ራሱ ሄዶ ተናገረና ተቀጣ። ተራ መቀያየርም ተከለከለ፤ ክልከላውን ሁሉም ሰማ፤ በሚቀጥለው በዓል ተቀያየሩ።

ሃምሳ አለቃው በሚቀጥለው ሰኞ የሟቹን ትክክለኛ ስም ተናገረ። እኔንም በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ጣቢያው በየዓመቱ የሞቱበትን ፖሊሶች ያስባል። ስማቸው አንድ በአንድ ሲጠራ ከቤተሰብ አንድ ሰው ተነሥቶ “አለን” ይላል። በዓመቱ ሄድን። የሌሎቹ ስም ሲጠራ እናት ተነሣች፣ ወንድም ተነሣ። ከዚያ “ተክሌ” ተባለ። ዘመድ ሸዋ ድረስ ቢፈለግም አልተገኘለትም ነበርና የተነሣ ሰው የለም። ሰይድ ሰልፍ ውስጥ ነው፤ ሰልፈኛ አይናገርም።

ሃምሳ አለቃው ወደሚቀጥለው ስም ሊያልፍ አፉን ሲከፍት ተነሣሁ። “አለን!” አልኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሻሽ የጠመጠመች እስላም ሴት የተክሌ ምኑ ናት ሳይሉ አልቀሩም። ሃምሳ አለቃው ግን ምንም አልጠየቀኝም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቀጣዩን ስም ጠራ። ከዚያ ወዲህ መቐለ ላይ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ተክሌ ሲጠራ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ሰይድ ብዙ ዘመን ኖሮ፣ ልጆቹን ድሮ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። በልቅሶው ቀን እንባ እንቢ ብሎኝ ደርቄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳላስበው አፌ “ተክሌ፣ ወንድሜ!” አለ፤ እንባዬም መጣ። ልጆቼ አበደች ብለው ደነገጡ። “እማማ፣ ተክሌ ማን ነው?” አሉኝ። “አባታችሁን ያቆየላችሁ ሰው ነው” አልኳቸው፤ ይህን ታሪክ የሰሙት ያን ቀን ነው።

ሳጥኑ ዛሬም አልጋዬ ሥር አለ። ቁልፉን ከነቀይ ጨርቁ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። የልጅ ልጆቼ “አሮጌ ሳጥን ምን ይሠራልሻል፣ እናውጣው” ይሉኛል። አይወጣም። ሳጥን ያለው ሰው ቤት አለው ብለዋል አቦይ ካሕሳይ፤ የተክሌ ቤት ይኸው እኔ ጋ ነው።