ማጠቃለያው ይምጣልን

መብረቋ ይሏታል። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ጣቶቿ ከዓይኗ ይቀድማሉ። ችግሯ አንድ ብቻ ነው፤ የተየበችውን ታምናለች። ስለ ጥርስ በሽታ ስትተይብ ጎረቤቱን ሁሉ አፍ አስከፍታ መርምራለች። ስለ እሳት አደጋ በተየበች ሰሞን ደግሞ ባሏ ሽንት ቤት የሚገባው የአሸዋ ባልዲ እየተሻገረ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ከሲታ የፍልስፍና ተማሪ «ሰው ምንድን ነው? በምዕራባውያንና በቻይናውያን ፍልስፍና» የሚል ጽሑፍ ምዕራፍ በምዕራፍ ያመጣላት ጀመር።

ምዕራፍ አንድ የምዕራባውያኑ ነበር። ሰው ማለት በራሱ አእምሮ የሚያስብ፣ ለራሱ የሚወስን፣ ብቻውን ቢቆምም ሙሉ የሆነ ፍጡር ነው ይላል። አመሻሽ ላይ ቤቷ ገብታ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ራት የለም እንዴ?» አለ ባሏ፣ ቧንቧ ሠራተኛው።

«የእኔ ነበር፣ በላሁት። አንተም ነፃ ፍጡር ነህ፤ ወስን።»

ነፃው ፍጡር ሳምንቱን ሙሉ ደረቅ ዳቦ ወሰነ። ካልሲዎቹንም ራሱ አጠበ፤ ከስምንቱ ሦስቱ ተገኙ።

ከዚያ ምዕራፍ ሁለት መጣ። የጥንት ቻይናውያን መምህራን ደግሞ ሰው ብቻውን ገና ሰው አልሆነም፤ ልጅ፣ ወንድም፣ ሚስት፣ ጎረቤት እየሆነ ነው ሰው የሚሆነው ብለዋል። መብረቋ እንባዋ ቁልፎቹ ላይ ተንጠባጠበ። ያኔውኑ አማቷን ከነአልጋቸው አምጥታ ሳሎን አስገባቻቸው። በማግስቱ የባሏን ሁለት አክስቶች፣ በሦስተኛው ቀን ስድስት ዓመት አኩርፎት የኖረውን የአጎቱን ልጅ ጨመረች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ መቆሚያ አጣን እኮ!»

«ያለ እነሱ ግማሽ ሰው ነህ።»

«ግማሹ ይበቃኛል! ግማሽ ሰው ለሽንት ቤት አይሰለፍም።»

«ምን አልክ አንተ?» አሉ እናቱ ከሳሎን።

«ምንም፣ እማዬ።»

ከድጡ ወደ ማጡ የገባው ባል ተስፋውን ማጠቃለያው ላይ ጣለ። ማጠቃለያው ግን አልመጣ አለ። ወር አለፈ። በመጨረሻ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ሄዶ የተማሪውን ክፍል አንኳኳ። ተማሪው በር ከፍቶ በባልየው እጅ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ሲያይ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ሰው ምንድን ነው?» አለው ባል።

«እኔ… እኔ አላውቅም፣ ጋሼ!»

«እወቅ! እናቴ ሳሎን፣ አክስቶቼ ኮሪደር ላይ ናቸው። እስክታውቅ እዚሁ ነኝ።»

ልጁ ላብ እያጠመቀው ሲጽፍ ባልየው የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገነለት። በማግስቱ ማጠቃለያው ተተየበ። መብረቋ ቤት ስትደርስ ዘመድ ሁሉ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«ምን ይላል?»

«‹ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል› ይላል።»

አማትየው ቀድመው ተነሡ። «እንግዲያው እስኪጠና ቤቴ ልግባ። ዘመድ መሆን ወገቤን ቆረጠኝ!»

አክስቶቹ ተከተሉ፤ የአጎቱ ልጅም ታርቆ ሄደ። በዚያ ምሽት ባልየው ሳያስበው ስድስት ሳህን ደረደረ። ሚስቱ ስታየው «እጄ ለምዶ ነው» አለና ለአክስቶቹ ደወለ። ለሰላምታ ብቻ ነው ብሎ፣ አርባ ደቂቃ አወራ።