ርክክብ እስከ ደጃፍ

ኢንሳፍ ወንበር ላይ አትረጋም። ገና ቁጭ ከማለቷ ተነስታ ወደ መዝገብ ክፍሉ ትመለሳለች። በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ ሰባተኛው አደባባይ አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤታችን የሕክምና መድን ፋይሎችን የምትጠብቀው እሷ ናት። መድኑን የሚሸጠው ሌላ ድርጅት ነው፤ እኛ በእሱ ስም ለሆስፒታሎች ፈቃድ እንሰጣለን፣ ለማንና ለምን እንደፈቀድን መዝግበን እናኖራለን። ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ያስተማረችኝ፣ "ፋይሉ የኛ እንዳይመስልሽ፤ አደራ ነው" ብላ ነው።

ባለፈው ኀሙስ አደራው ከእጃችን ወጣ። ውሉ ወደ ሌላ አስተዳዳሪ ስለተዛወረ ሣጥኖቹን የሚወስድ መኪና መጣ። ኢንሳፍ ከጠዋት ጀምራ ስትንቆራጠጥ ዋለች። ከዘርቃ ከተማ የሚመላለሱት ሐጃ ፊዳ ቅዳሜ ጠዋት የኩላሊት እጥበት አላቸው፤ ፈቃዳቸው ከሣጥኖቹ በአንዱ ውስጥ ነው። ዓርብና ቅዳሜ የቢሮ ዕረፍት ነው፤ አዲሶቹ ተረካቢዎች ዛሬውኑ ካልመዘገቡት፣ ቅዳሜ ሆስፒታሉ ሲደውል ተረኞቻቸው "አናውቃቸውም" ይላሉ፤ አሮጊቷም ከበር ይመለሳሉ።

ሾፌሩ ሙተዝ የመጨረሻውን ሣጥን ጭኖ ላቡን ጠረገ።

"በቃ አክስቴ፣ ሁሉም በራሴ ላይ፤ ኃላፊነቱ የኔ ነው።"

"ራስህን ምን ላድርገው? የተረካቢ ፊርማ ነው የምፈልገው።"

"እሑድ ሲከፍቱት ይፈርሙልሻል። ዛሬማ የሰው ልብ ቤቱ ገብቷል።"

"ኩላሊትስ እሑድን ይጠብቃል?"

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፈዋዝ በመስኮት ብቅ አሉ። "ኢንሳፍ፣ ጠብቁ ተባልን እንጂ ተሸከሙ አልተባልንም። ተይው።"

"እየጠበቅኩ እኮ ነው" አለችና ቦርሳዋን ይዛ መኪናው ላይ ወጥታ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። "እስከ ደጃፋቸው።"

ሙተዝ ሳቀ። "ሙሽራ ነው እንዴ የምንሸኘው?"

"ንዳ። ያለ ነዳጅ የሚሄደው አፍህ ብቻ ነው።"

እኔ ባዶው ክፍል ውስጥ ስልኩን እያየሁ ቀረሁ። ሲጮህ ወዲያው አነሳሁት።

"ሊቆልፉ ሲሉ ደረስኩ" አለች ኢንሳፍ እያለከለከች። "በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍ አልኳቸው። አንዷ ልጅ አዘነችልኝና ሣጥኑን ከፈተች። የሐጃን ስም ስትመዘግብ አይቻለሁ።"

ቅዳሜ አላስቻላትም፤ ሆስፒታሉ ጋ ደወለች። ነርሷ "አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ትራሱ አነሰ ብለው እየተቆጡን ነው" አለቻት።

እሑድ ሥራ ስገባ ኢንሳፍ በባዶዎቹ መደርደሪያዎች መካከል ትመላለስ ነበር።

"አለቀ እኮ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ነገ ደግሞ የሐጃ የእጥበት ተራቸው ነው" አለችና ስልኩን አነሳች።