የኤልዉድ የግራ ስፒከር

ኤልዉድ ክሌመንስ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከየገበሬው ወተት እየሰበሰበ ወደ አይብ ፋብሪካ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ስለሆነ፣ ጡረታ ሲወጣ እግሩን የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው። ባለቤቱ ዶሪን «ሣር እጨድ» አለችው፤ አጨደ። የሚታጨድ ሲያጣ ምድር ቤቱን ሲኒማ አደረገው። እኔ አጥር የምንጋራ ጎረቤታቸው ነኝ። ጌይል እባላለሁ፤ የትምህርት ቤት ነርስ ነበርኩ፤ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ደግሞ አልፈጠረብኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም ማየት ከተጋቡ ጀምሮ የያዙት ልማድ ነው። ዶሪን ሁልጊዜ በግራው ትቀመጣለች። ፊልሙ መሃል ላይ ጠጋ ብላ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ትለዋለች፤ እሱም «ተይ እንጂ፣ ሐኪሙማ አይደለም» ይላታል። ያለዚህ ፊልም አይጥማትም። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን መቅረት አመጣች። አንድ ቀን «ራሴን አመመኝ»፣ ሌላ ቀን «ልብስ አጥባለሁ» ትላለች። በጥር ደግሞ አሪዞና እኅቷ ዘንድ ልትከርም ቲኬት ቆረጠች፤ ለሰኞ። እኛ የዊስኮንሲን ሰዎች ብርዱን ሸሽተን ሞቃቱ አሪዞና መክረም ብርቃችን አይደለም። ባልን ጥሎ መሄድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ገብቶታል። ጥፋቱን ሁሉ ያላከከው ስፒከሩ ላይ ነው። ድምፁ ከተስተካከለ ወደ ፊልሙ ትመለሳለች አለ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም አልነበረው።

በአራት ወር ውስጥ ከወንበሩ ኋላ ግራና ቀኝ የሚቆሙትን ስፒከሮች አራት ጥንድ ቀያይሯል። የመጀመሪያዎቹ ድምፁን በቀጥታ ወደ ጆሮ የሚልኩ ነበሩ፤ «የፊልሙ ዝናብ ከሰማይ ሳይሆን ከሣጥን ነው የሚወርደው» ብሎ መለሳቸው። ሁለተኞቹ በሁለት ጎን የሚበትኑ ናቸው፤ «አሁን ደግሞ ዝናቡ የት እንዳለ ጠፋኝ» ብሎ እነሱንም መለሰ። የሱቁ ሻጭ የኤልዉድን መኪና ከሩቅ ሲያይ ወደ ጓዳ መግባት ጀመረ። ሦስተኞቹን ጣሪያው ሥር ሰቀላቸው፤ ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል እንዲሉ፣ ሲያወርዳቸው ግድግዳው አብሮ ወረደ። አራተኞቹን ከተቀመጠ ሰው ጆሮ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ አቆመ።

ከዚያ ማመጣጠኑ መጣ። አንድ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ በየስፒከሩ ተራ በተራ ይዞራል፤ ሁሉም ከወንበሩ እኩል እስኪሰማ በሪሞት ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ለኤልዉድ የግራው ሁልጊዜ ደካማ ነበር። ጨመረለት። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ፤ ጥፋቱ የስፒከሩ ከሆነ ስፒከሩን ተከትሎ መሄድ አለበት ነው የሚለው። አልሄደም፤ ደካማው አሁንም ግራው ነው። ሽቦ ቀየረ፤ ግድግዳውን ጠርጥሮ ምንጣፍ ሰቀለበት። የድምፅ መለኪያ ገዛ፤ መለኪያው የግራው ከልክ በላይ ይጮኻል ሲለው «ብልሽት ያለበት ነው» ብሎ ለሱቁ መለሰው። ሁለተኛውም ያንኑ አለ፤ ያንኑ ቅጣት አገኘ።

«መለኪያ ምን ያውቃል ጌይል?» አለኝ በአጥሩ ላይ። «ዳኛው ጆሮ ነው።»

እኔም ሳቅኩ። አራት ወር ሙሉ ሳቅኩበት።

ዶሪን ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ደጃፋቸው በቆመው መኪና ውስጥ ካፖርቷን ለብሳ ሹራብ ስትሠራ አየኋትና ከጎኗ ገባሁ።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ?»

«ጌታው ለስፒከራቸው ሲሉ ጸጥታ አውጀዋል። ማሞቂያው ጠፍቷል፣ ፍሪጁ ተነቅሏል፣ እኔም አብሬ ተነቅያለሁ።»

«ሰኞ የምትሄጂው የምር ነው?»

መርፌዎቿን አቆመች። «ምን ላድርግ? ያ የግራ ስፒከር ጆሮዬን ሊበጥሰው ነው። እሱስ ይሁን፤ ሰውዬው አይመልስልኝም! ሳንሾካሽክለት ጆሮ ዳባ ልበስ። ገና ሰሞን አንድ ትልቅ ነገር ጠየቅኩት፤ ዓይኑን ከፊልሙ ሳይነቅል ዝም። ዝምታም መልስ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«የሚገርምሽ፣ እዚች መኪና ውስጥ ሌላ ሰው ነው። ሱቅ ደርሰን እስክንመለስ ሲያወራኝ፣ ሲያስቀኝ ነው። ቤት ሲገባ እንጨት!»

የሾፌሩን መስኮት አየሁት። ኤልዉድ የወተቱን መኪና ሠላሳ አንድ ዓመት ክረምት ከበጋ መስኮቱን ከፍቶ፣ ክርኑን አውጥቶ፣ ሲጋራውን እያጨሰ ነው የነዳው። ነፋሱና የመኪናው ጩኸት የሚገባው በግራ በኩል ነው። ዶሪን ደግሞ መኪና ውስጥ የምትቀመጠው በቀኙ ነው። ደሜ ፈላ፤ በሌላ በማንም ሳይሆን በራሴ። የስንቱን ልጅ ጆሮ ስመረምር የኖርኩ ሴት!

ምድር ቤት ወረድኩ።

«ጸጥታ ብያለሁ!» አለ ኤልዉድ።

«ያንን ሽሽሽ የሚለውን ክፈተው። የትኛው ነው ደካማው?»

«ግራው ነዋ፤ ይኼ የተረገመ ግራ!»

«ተነስና ፊትህን ወደ ኋላ አዙር።»

«አብደሻል እንዴ?»

«አዎ፣ አብጃለሁ። ዙር!»

እያጉረመረመ ዞረ። ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ።

«አሁንስ የትኛው ነው ደካማው?»

እጁ አሁንም ወደ ግራው ተዘረጋ፤ አሁን በግራው ያለው ግን እስከ ዛሬ ያመሰገነው ስፒከር ነው። የረገመው በቀኝ ጆሮው ሲያስገመግምበት ተሸማቀቀ። ወደ ፊት ዞረ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ እንደገና ዞረ። ከዚያ ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ቆመ።

«ጥፋቱ እኔን ተከትሎ ዞረ» አለ ቀስ ብሎ።

ግን አልተቀመጠም። ገና ያልመለሰውን ሦስተኛ መለኪያ ከካርቶኑ አወጣ፤ ቁጥሩ እኩል እስኪሆን ድረስ የግራውን ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገው።

«ላንተ ጎደሎ ይሆንብሃል» አልኩት።

«ለሷ ልክ ይሁን» አለና የዶሪንን ወንበር ከግራ ወደ ቀኝ ጎትቶ ማሞቂያውን ሊያበራ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ለምኖ ምድር ቤት አወረዳት። ካፖርቷን አላወለቀችም። «ወንበሬን ማን አነሳው?» አለች።

«እኔ። ተቀመጪ፤ እንደ መኪናው።»

መሄድ ነበረብኝ፤ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ፊልሙ ተጀመረ፤ ዝናቡ ዙሪያውን ጣለ። ዶሪን እየቆየች ከልማዷ ጋር መታገል አቃታትና ጠጋ አለች። «የሰረቀው ጎረቤትየው ነው።»

«ተይ እንጂ፣ ሚስቲቱ ናት» አለ ኤልዉድ።

ቀና ብላ አየችው።

«ግራ ጆሮዬ ሞቷል ዶሪን። በዚያ በኩል ሆነሽ ያልሺኝን አልሰማሁም።»

ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረች። «ገና ሰሞን የጠየቅኩህንም?»

«ምን ነበር የጠየቅሺኝ?»

«ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬህ ነበር።»

ኤልዉድ ሪሞቱን አነሳ፤ ለአራት ወር ያስተካከለውን ድምፅ ሁሉ ድርግም አድርጎ አጠፋው። ከዚያ ቀኝ ጆሮውን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እንደገና ጠይቂኝ» አላት።