ዘውዱን ያጣው አንበሳ

ልደታ ሰፈር በታይፒስትነት የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አንድ አርመን ነጋዴ ለንግዱ ጽሕፈት ቤት ያሠራው አሮጌ ፎቅ ነበር። ምድር ቤቱ ድንጋይ፣ ፎቁ እንጨትና ጭቃ ነው። ላይ ሰው ሲራመድ ታች ባለነው ራስ ላይ አፈር ይራገፋል። ከዋናው በር በላይ ከእንጨት የተጠረበ፣ ዘውድ የጫነ የአንበሳ ራስ አለ።

ደርግ ቤቱን ከወረሰው ወዲህ አንበሳውን ልብ ያለው አልነበረም። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ግን ለቁጥጥር የመጣ ካድሬ ቀና ብሎ አየና፣ "ይህ ዘውድ እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል?" አለ።

አለቃችን ክው አሉ። ትልቅ ራስ ያላቸው፣ መላጣ፣ ጺማቸው ጉንጫቸውን የሸፈነ ሰው ነበሩ። ወዲያው ከአብነት ሰፈር አናጺ አስጠሩ። አናጺው መሰላል ላይ ወጥቶ ዘውዱን በመጋዝ ቆረጠው። ለካ ጆሮዎቹ ከዘውዱ ጋር አብረው የተጠረቡ ኖረዋል፤ ተከትለው ወረዱ።

ሁላችንም ቀና አልን። መላጣ፣ ጺማም፣ ትልቅ ራስ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ወደ ጓሮ ሮጠች።

"ምን ሆነች?" አሉ አለቃችን።

"ሆዷን አሟት ነው ጓድ" አልኩ፣ እግሬን እግሬን እያየሁ።

በማግስቱ ካድሬው መጣ። አንበሳውን አየ፤ አለቃችንን አየ፤ እንደገና አንበሳውን አየ።

"ጓድ፣ በሕዝብ ሕንፃ ላይ የራስን ምስል ማሰቀል ምን ይባላል?"

"የኔን? ኧረ አንበሳ ነው ጓድ!"

"ጆሮውስ?"

"ከዘውዱ ጋር ወረደ።"

"እንግዲያው እስከ ነገ ጆሮ ይውጣለት!"

አናጺው ተመልሶ ከጣውላ ሁለት ጆሮ ቆርጦ በምስማር መታለት። የአህያ ጆሮ ነው የሚመስሉት፤ ካድሬው ግን "አሁን አንበሳ ሆነ" ብሎ ሄደ።

አለቃችን ልባቸው አላረፈም። ሰኞ ጠዋት ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው መጡ። ሽማግሌው ዘበኛ በር ላይ አስቆሟቸው።

"ወዴት ነው ጌታው? መታወቂያ!"

አለቃችን እየተቆጡ አወጡ። ዘበኛው ፎቶውንና ፊታቸውን ደጋግመው አስተያዩና፣ "ይኼማ እርስዎ አይደሉም፤ ይኼ አለቃችን ናቸው። ከየት አገኙት?" አሏቸው።

በድምፃቸው ለይቼ የመሰከርኩላቸው እኔ ነኝ።