ጋቢ የተዋሰው አማካሪ

በኢሕአዴግ ዘመን ማኅበራችን ያከፋፈለው የስንዴ ዘር ሳይበቅል ቀረ። አባላቱ መካነ ሰላም ካለው ቢሯችን ደጃፍ ቆመው ሲጮሁ፣ ሊቀ መንበሩ ሸህ ጠሃ መውጣት ፈርተው በሩን ዘጉ።

ሊያግዘን ከደሴ የተላከው አማካሪ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ድምፁ በጭንቅ የሚሰማ ሰው ነበር። «እኔ በእናንተ ፈንታ አልናገርም፤ መልሱን ግን አለማምዳችኋለሁ» አለና ጋቢ ተውሶ ተከናነበ። ከዚያ እንደ ገበሬ ጮኸ፦

«ሸህ ጠሃ! ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«ዘሩ እኮ ከላይ የመጣ ነው…»

«ከላይስ ዝናብ ይመጣል! ዘሩን የሰጡኝ እርስዎ!»

ሸህ ጠሃ «አጥፍተናል» እስኪሉ ድረስ አልለቀቃቸውም።

«ወላሂ፣ አንተ ሰውየ፣ ይህን ንዴት ከየት አመጣኸው?» አሉት።

ጋቢውን ቀስ ብሎ አጠፈ። «እኔም ሊቀ መንበር ነበርሁ። በር ዘግቼ ከውስጥ ስሰማው የነበረ ነው።»

ሸህ ጠሃ የበሩን መወርወሪያ ስበው ከፈቱ።